ልቤ በቀኝ በኩል ነው፦ 33 ዓመት ያሳለኝ ነገር ምን እንደሆነ ያወቅኩት ልጅ ፍለጋ ሄጄ ነው

ክረምት ከበጋ የሚያስለው፣ አፍንጫው የማይደርቅ፣ ጆሮው ቶሎ ቶሎ የሚያመው ሰው ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ይሄን አንብቡት፣ ረጅም ነው ግን አንብቡት። እኔ ሹፌር ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን አዲሳባ ሚኒባስ ነው የምሠራው፣ ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አደለሁም፣ ስህተት ካለ እለፉኝ።

የተወለድኩት መንዝ ነው፣ ከመሃል ሜዳ ወጣ ያለ ገጠር፣ 1980 ላይ። እናቴ እንደምትለው ጊዜዬን ጠብቄ ደህና ሆኜ ነው የተወለድኩት ግን በዛው ቀን ትንፋሽ አጠረኝ፣ «ደረትህ ውስጥ ድመት ያለች ይመስል ነበር» ትላለች። ተረፍኩ። ከዛ በኋላ ግን ያ ድመት አልወጣም። ሰፈር ውስጥ ስሜ ንፍጣሙ ነበር፣ እጅጌዬ ሁሌ ጨው የተነከረ ነገር ነው የሚመስለው፣ ጆሮዬ ይፈሳል፣ ትምህርት ቤት አስተማሪው ሲጠራኝ ስለማልሰማ «ትንቀኛለህ» ብሎ በጥፊ ያጮለኝ ትዝ ይለኛል፣ እኔ እውነቴን ነው አልሰማሁትም።

ሁሉም ሰው የራሱ ምክንያት ነበረው። አንዱ የኩበት ጭስ ነው ይላል፣ እኛ አገር እንጨት የለም ኩበት ነው የሚነደው፣ ጭሱም ቤቱን ሞልቶ ያድራል፣ አንዱ ብርዱ ነው ይላል፣ አያቴ ደግሞ እንጥሉ ወርዶ ነው አሉና ወስደው አስቆረጡኝ። ስንት አመቴ እንደነበር አላውቅም ግን ሰዎች እጄንና ጭንቅላቴን ይዘውኝ የደሜ ጣዕም አፌ ውስጥ የሞላው አሁንም አይረሳኝም። ሳሉ ግን እንዳለ ነው። አያቴን አልወቅሳቸውም፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የሚያውቁትን ነው ያደረጉት፣ ግን ልጅ ያላችሁ ሰዎች እንጥል ማስቆረጥ ለሳል ምንም አይሠራም፣ ደም ፈሶት ወይ ቁስሉ አመርቅዞበት የሚሞት ልጅ አለ፣ እባካችሁ ተዉት።

2003 ላይ ደብረ ብርሃን ገብቼ ረዳትነት ጀመርኩ። የረዳት ሥራ ጩኸት ነው፣ «አዲሳባ የሞላ!» እያልኩ ስጮህ ሳሉ ይነሳብኛል፣ ጠዋት ጠዋት ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አክታ ግማሽ ሲኒ ይወጣኛል (ቡና እየጠጣችሁ ከሆነ ይቅርታ)። አንድ ቀን ደም የነካካው አየሁና ደንግጬ ሕክምና ሄድኩ። አክታ ሰጠሁ፣ ምንም የለም። ደገሙት፣ ምንም የለም። ከዛ ራጅ ተነሳሁ፣ እና እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ባለሙያው ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለው፣ አየት አረገና «አይ ገልብጬዋለሁ» ብሎ አዞረው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ነው። እሱም ገልብጦ የሰቀለው መስሎት ነው እኔም ምን አውቃለሁ፣ በቃ አለፈ።

ሳንባህ ታች በኩል ጠባሳ ነገር አለ፣ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ተባልኩና መድኃኒቱን ጀመርኩ። ስድስት ወር ዋጥኩ፣ ሽንቴ ሚሪንዳ እስኪመስል። አከራዬ እትዬ ብርጭቆዬን ከሌላው ለዩት፣ ክፉ ሰው አደሉም ልጆች ስላሏቸው ነው፣ ግን ያን ብርጭቆ መደርደሪያው ጥግ ላይ ለብቻው ሳየው ምን እንደሚሰማኝ አትጠይቁኝ። ጨረስኩ፣ ድነሃል ተባልኩ፣ ሳሉ እንዳለ ነው። እንዳትሳሳቱ፣ ቲቢ አትመርመሩ እያልኩ አደለም፣ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው መመርመር ነው፣ ከተገኘባችሁም ሳታቋርጡ መጨረስ ነው። እኔ የምለው መድኃኒቱን ጨርሳችሁም ያው ከሆናችሁ «ቲቢ ነበረብኝ የሱ ጠባሳ ነው» ብላችሁ እንደኔ አትቀመጡ።

ከዛ ሹፌር ሆንኩ፣ 2008 ላይ አገባሁ። አንድ አመት፣ ሁለት አመት፣ ምንም የለም። አማቴ ባለቤቴን ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ወሰዷት፣ እኔም ሄጃለሁ፣ ጠበሉን የምነቅፍ ሰው አደለሁም። ባለቤቴ ሕክምናም ሄዳለች፣ ቱቦዋ በቀለም ሁሉ ታይቷል፣ ምንም የለባትም። የሄደችበት ሐኪም ሁሉ «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ነው የሚላት። እኔ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራ አልበዛብኝም ፈርቼ ነው፣ ደሞ በጭንቅላቴ እኔ አልጋ ላይ ምንም አይጎድለኝ ችግሩ እንዴት ከኔ ይሆናል እል ነበር። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው ወንዶች፣ ፍጹም የተለያየ ነገር ነው። እሷ በየሰርጉ በየክርስትናው «አሁንስ ምን አለ?» እየተባለች አንገቷን ስትደፋ እኔ አራት አምስት አመት ሙሉ ዝም አልኩ። ከሳሉም ከቲቢውም ይልቅ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

በ2012 ኮሮና ገባ። እስቲ አስቡት የሚያስል ሹፌር። ማስክ አድርጌ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ያዝ ያዝ እያረኩ እሄዳለሁ ግን ደብረ ብርሃንን ለቅቄ ቻቻ ሳልደርስ ጋቢና ያሉት ሰውዬ «ወራጅ አለ» ይላሉ። ሜዳ ላይ። ሁለቴ ተመረመርኩ ሁለቴም ነፃ። ባለቤቴ ያኔ ነው «አንተ ሰውዬ ያለብህን እወቅ፣ ለሳሉም ለልጁም፣ ካልሆነ እኔ እናቴ ቤት ነኝ» ያለችኝ። ጓዟን መሸከፍ ስትጀምር ነው ሥራው ያልበዛብኝ።

2013 ላይ አዲሳባ ሄደን የዘር ምርመራ ሰጠሁ። የማታውቁ ካላችሁ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅባችሁ ነው የሚሰጠው፣ ሌላ ጉድ የለውም፣ አንድ ክፍል ይሰጧችኋል አንድ ዕቃ ይሰጧችኋል በቃ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ የላብራቶሪው ልጅ ብቅ አለና «ብሮ ና እስቲ አንዴ» አለኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ደቀንኩ። መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር፣ ከዛ ሲያስተካክልልኝ ሰሊጥ ውሃ ላይ የተበተነ ነገር ታየኝ፣ እያንዳንዷ ሰሊጥ ከኋላዋ ቀጭን ክር አላት። ብዛቱ ጉድ ነው። ግን አንዷም አትነቃነቅም። ክሩ ቀጥ እንዳለ ነው፣ ውሃው ሲወዛወዝ አብራ ትንሳፈፋለች እንጂ በራሷ የምትሄድ የለችም። ልጁ ስልኩን አውጥቶ የጤነኛ ሰው ምን እንደሚመስል ቪዲዮ አሳየኝ፣ ቡሄ ላይ ልጆች ጅራፍ ሲያወናጭፉ አላያችሁም፣ እንደዛ ጭራው እየተወናጨፈ ሜዳውን ያተራምሱታል።

«የኔ ሞተዋል ማለት ነው?» አልኩት። «ቆይ» አለና ከዛው ናሙና ትንሽ ላይ ቀለም ጠብ አድርጎ መልሶ አሳየኝ። የሞተ ሴል ቀለሙን ያስገባና ቀይ ይሆናል፣ በሕይወት ያለ ግን ሽፋኑ ስለማያስገባ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። አብዛኞቹ ነጭ ናቸው። «በሕይወት አሉ ግን አይሄዱም፣ እንዲህ አይቼ አላውቅም» አለኝ። እኔ በሹፌር ቋንቋ ነዳጅ አለው ሞተር የለውም አልኩ በሆዴ፣ በኋላ ሳነብ ለካ ቃል በቃል እንደዛ ነው።

ውጤቱን ይዤ የገባሁባቸው ዶክተር ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወረቀቱን አዩና ስለ ልጅ አንድ ነገር ሳይጠይቁኝ «ሳል አለብህ?» አሉኝ። «አዎ ዶክተር ግን እኔ የመጣሁት ለልጅ ነው» አልኩ። «አፍንጫህስ? ጆሮህስ? ከመቼ ጀምሮ?» ከተወለድኩ ጀምሮ። ሸሚዝህን አውልቅ አሉና ማዳመጫውን በግራ አረጉት፣ ዝም፣ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ፣ ከዛ ወደ ቀኝ ወሰዱትና እዛው ቆዩ። «አንተ ልጅ ልብህ የት ነው ያለው?» አሉኝ። ደረቴ ውስጥ ነዋ አልኩ። እጄን ይዘው ቀኝ ጡቴ ስር አስቀመጡት። ድም ድም ድም ይላል። 33 አመት ሙሉ እጄን እዛ አድርጌ አላውቅም፣ ማን ያደርጋል?

ከዛ አልትራሳውንድ፣ ከዛ ሲቲ ስካን። ጉበቴ በግራ፣ ጣፊያዬ በቀኝ፣ ሁሉም ነገር በመስታወት እንደሚታይ ነው የተገለበጠው፣ በራሱ ግን ችግር የለውም ሁሉም ሥራውን ይሠራል። ችግሩ ሳንባ ውስጥ ያሉት የአየር ቧንቧዎች ታች በኩል ሰፍተው ተበላሽተዋል፣ ብሮንኪየክታሲስ ይሉታል፣ ሳይነሴም ሙሉ ለሙሉ በንፍጥ ተሞልቷል። ሦስቱ ሲገናኙ ካርታጌነር ሲንድረም ይባላል፣ ዋናው በሽታ ደግሞ ፕራይመሪ ሲሊያሪ ዲስኪኔዢያ ነው፣ ባጭሩ ፒሲዲ።

ቤት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ የ2003ቱን የራጅ ፊልም ከፍራሽ ስር ማውጣት ነበር። መስኮቱ ላይ ይዤ አየሁት። ጥግ ላይ ትንሽዬ የእንግሊዝኛ አር ፊደል አለች፣ ቀኝ ለማለት። ፊደሏ በትክክል እንድትነበብ አድርጌ ስይዘው ልቤ አር ያለችበት ጎን ላይ ቁጭ ብሏል። ልቤን እንደ ሰው ወደ ግራ ላምጣው ብዬ ሳዞረው ፊደሏ ትገለበጣለች። ያቺን አንዲት ፊደል ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ። 10 አመት ተኝቼባታለሁ።

አሁን በሽታው ምን እንደሆነ ዶክተሩ በነገሩኝና ከዛ በኋላ ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ባነበብኩት ልንገራችሁ። አፍንጫችን፣ ሳይነሳችን፣ የጆሯችን ውስጥ፣ የሳንባ ቧንቧችን በሙሉ ውስጡ በጣም ጥቃቅን ፀጉር በመሰለ ነገር የተሸፈነ ነው፣ ሲሊያ ይባላል፣ ቃሉ በላቲን ሽፋሽፍት ማለት ነው። አንዷ ሴል ላይ 200 ያህል አለ፣ የአንዱ ርዝመት 6 ወይ 7 ማይክሮሜትር ነው፣ አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት 150 ያህሉን መቀጣጠል ይፈልጋል። እነዚህ ዝም ብለው የቆሙ አደሉም፣ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይመታሉ፣ ያውም እየተከታተሉ። ደቦ ላይ ድንጋይ ስንቀባበል አንዱ ለሌላው ሌላው ለቀጣዩ እንደምንለው ነው፣ ላያቸው ላይ ያለውን ንፍጥ ከነአቧራው ከነጀርሙ ከኩበቱ ጭስ ጋር ወደ ላይ እያቀባበሉ ጉሮሮ ያደርሱታል፣ ሳናውቀው እንውጠዋለን፣ ሆድ ያቃጥለዋል። ጤነኛ ሰው ይሄ ሁሉ ቀን ከሌት እየተሠራለት እንደሆነ አያውቅም።

የኔ ደቦ ግን የቆመ ነው፣ ሰው ተሰልፏል ግን እጅ የለውም። ንፍጡ እዛው ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ነገር ይበሰብሳል፣ ጀርም ይራባበታል፣ ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ ቧንቧውንም አብሮ ይጎዳዋል፣ ቧንቧው ይሰፋና ኪስ ይሠራል፣ ኪሱ ደግሞ ሌላ ንፍጥ ይይዛል። ለኔ የቀረኝ መጥረጊያ ሳል ብቻ ነው። ለዚህ ነው የሳል ማቆሚያ ሽሮፕ ለኛ መርዝ የሆነው፣ ስንቱን ጠርሙስ ጠጥቻለሁ መሰላችሁ።

እጅ የለውም ያልኩት ቀልዴን አደለም። ሲሊያን አግድም ቆርጣችሁ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብታዩት 9 ጥንድ ቱቦ ዙሪያውን ከቦ መሃል ላይ 2 ነጠላ ቱቦ ይቆማል። ከእያንዳንዱ ጥንድ ላይ ክንድ የሚመስል ነገር ይወጣል፣ ዳይኒን ይባላል፣ ጊቦንስ የሚባል ሰው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው ስሙን ያወጣለት፣ ኃይል ከሚል ቃል። ይሄ ክንድ ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ነዳጅ እያቃጠለ ጎረቤቱን ቱቦ ይጎትታል፣ አንዱ ሌላውን ሲጎትት ጠቅላላው ይታጠፋል፣ መምታት የምንለው እሱን ነው። እና የወንድ ዘር ጭራ፣ ፍላጀላ የሚሉት፣ እሱም ስሙ በላቲን ጅራፍ ማለት ነው (ቡሄ ያልኩት ትዝ አላችሁ?)፣ ርዝመቱ ይበልጣል እንጂ ውስጡ ያው 9 እና 2 ነው፣ ያው ዳይኒን ነው። አንዱ ጂን ሲበላሽ ሳንባም ጆሮም ዘርም አብረው የሚቆሙት ለዛ ነው። ሴቶችም ላይ የማህፀን ቱቦ ውስጥ ሲሊያ ስላለ ማርገዝ ሊያስቸግራቸው ይችላል።

ልቤ በቀኝ የሆነበት ደግሞ ከሁሉ ያስገረመኝ ነው። ፅንስ ገና በሳምንታት የሚቆጠር እያለ ግራና ቀኙ አልተለየም፣ አንድ ትንሽ ጉድጓድ መሰል ቦታ ላይ ያሉ ሲሊያዎች እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ይገፉታል፣ በዛ ፍሰት ነው አካሉ ግራዬ በዚህ ነው ብሎ የሚያውቀው። ጃፓኖች በ1998 እ.ኤ.አ. በአይጥ ፅንስ ላይ አይተው ነው ይሄን ያሳዩት። ሲሊያው ካልተሽከረከረ ግራና ቀኝ በዕጣ ይሆናል፣ ሳንቲም እንደመወርወር፣ ስለዚህ ፒሲዲ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው እንደኔ የተገለበጡት፣ ሌላው ግማሽ ልቡ በቦታው ነው። ይሄን ያዙልኝ ኋላ እመለስበታለሁ።

ካርታጌነር የዙሪክ ሐኪም ነበር፣ በ1933 እ.ኤ.አ. ሦስቱ ምልክቶች አንድ ላይ እንደሚመጡ ጻፈ ግን ለምን እንደሆነ አላወቀም። ምክንያቱን ያገኘው ስዊድናዊው አፍዘሊየስ ነው በ1976 እ.ኤ.አ.፣ እንዴት መሰላችሁ፣ ልክ እንደኔ ዘራቸው በሕይወት ያለ ግን የማይንቀሳቀስ ወንዶችን ጭራ በማይክሮስኮፕ ሲያይ የዳይኒን ክንዱ የለም፣ ከሰዎቹ ደግሞ ልባቸው በቀኝ የሆነና ሳልና ሳይነስ ያለባቸው ተገኙ። ከዘር ተነስቶ ሳንባ ደረሰ። ይሄን ሌሊት ሳነብ ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት፣ «ተኛ ነገ ተራ ወጪ ነህ» አለችኝ።

ግራ እንዳትጋቡ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አገር በየቤቱ የምናውቃት ጃርዲያም በፍላጀላ ነው አንጀት ውስጥ የምትዋኘው፣ 8 አላት፣ የሷ እንደኛው 9 እና 2 ነው። ኤችፓይሎሪም ፍላጀላ አለው ይባላል ግን እሱ ባክቴሪያ ስለሆነ አሠራሩ ሌላ ነው፣ አይታጠፍም፣ ስሩ ላይ ሞተር አለውና እንደ ፕሮፔለር ይሽከረከራል። ስማቸው አንድ ነው እንጂ ዘመድ አደሉም። ደሞ የማይንቀሳቀሱ ሲሊያዎችም አሉ፣ ኩላሊት ውስጥ ዓይን ውስጥ፣ እንደ አንቴና ነገር ናቸው፣ እነሱ ሲበላሹ ኩላሊት በከረጢት ይሞላል፣ ያ ግን የኔ ጉዳይ አደለም።

ጤነኛ የሆናችሁም ሲሊያችሁን ታበላሹታላችሁ። ሲጋራ ያዳክመዋል ያሳጥረዋል፣ የሲጋራ ሰው ጠዋት የሚያስለው ለዛ ነው። ትክትክ የሚባለው በሽታ ሲሊያ ያለባቸውን ሴሎች ይገድላቸዋል፣ ጀርሙ ጠፍቶም ሳሉ ለሳምንታት የሚቀጥለው ሴሎቹ እስኪተኩ ነው፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ። የእናንተ መልሶ ይበቅላል፣ የእኛ ግን ሲበቅልም ያው የማይሠራው ነው የሚበቅለው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ሁሉንም ሐኪም አሳይቶኝ ነው የጀመርኩት። መዳን የለውም፣ ግን መቆጣጠር ይቻላል። ጠዋት 10 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ፣ ተራ ከመያዜ በፊት 20 ደቂቃ ደረቴን አጸዳለሁ። በጎኔ ተኝቼ፣ መጀመሪያ ዘና ብዬ እተነፍሳለሁ፣ ከዛ በጥልቀት ሳብ አድርጌ ትንሽ ይዤ እለቃለሁ፣ ከዛ አፌን ከፍቼ ጉሮሮዬን ሳላንቅ «ሃህህ» ብዬ አወጣዋለሁ። ሃፍ ይሉታል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አልገባህ ስላለኝ «ስፖኪዮ በትንፋሽህ ስታጸዳ እንዴት ነው የምታደርገው?» አለችኝ፣ በቃ ያኔ ገባኝ፣ መስታወቱ በጉም እስኪሸፈን የምትተነፍሰው ትንፋሽ ማለት ነው። ጉሮሮ እስኪላጥ ከማሳል በጣም ይሻላል። ባለቤቴ ጀርባዬን መዳፏን ጎድጎድ አርጋ ትመታልኛለች፣ የአምስት አመቱን ንዴቷን ጭምር ይመስለኛል።

አፍንጫዬን በቀን ሁለቴ በጨው ውሃ አጥባለሁ፣ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ 9 ግራም ገደማ ጨው፣ የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ እንዳትጠቀሙ። ከፍ ያለ ጨው ያለውን በኔቡላይዘር (ፈሳሹን እንደ ጉም አርጎ በሚያስተነፍስ መሣሪያ) የምስበው ግን ሐኪም አዞልኝ ነው፣ አንዳንዱን ሰው ደረቱን ያፍነዋል፣ በራሳችሁ እንዳትሞክሩት። መንቀሳቀስም መድኃኒት ነው፣ ሹፌር ቀኑን ሙሉ ተቀማጭ ስለሆነ እኔ ማታ ማታ ዳገት እሄዳለሁ። ኩበቱን አቁመን በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው እንጀራ የምንጋግረው፣ መብራት ሲጠፋ እኔ ከቤት እወጣለሁ። አክታዬ ሲበዛ ወይ ቀለሙ ሲቀየር ለካልቸር እሰጣለሁ፣ በወጣው ጀርም መሠረት ነው አንቲባዮቲክ የሚታዘዝልኝ።

አዚትሮማይሲን ላይ አንድ ነገር፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ አውሮፓ ውስጥ በ90 የፒሲዲ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፣ ለስድስት ወር በሳምንት ሦስቴ የወሰዱት ሰዎች ሳንባቸው የሚነሳባቸው ጊዜ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ይሄን ሰምታችሁ ግን ፋርማሲ ሄዳችሁ ሦስቷን ፍሬ እየገዛችሁ መዋጥ አደለም፣ ጆሮና የልብ ምት ላይ ጉዳት አለው፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ነገርም አለ። ስንቱ ነው ጉንፋን በያዘው ቁጥር አዚት ስጠኝ የሚለው።

ኪሴ ውስጥ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አለ፣ «ልቤ በቀኝ፣ ጉበቴ በግራ ነው» ይላል። አደጋ ቢደርስብኝ፣ ትርፍ አንጀቴ ቢነሳ ሕመሙ በግራ ነው የሚሆነው፣ ሐኪሙ ቀኝን ነክቶ ምንም የለም እንዳይለኝ። እንደኔ የሆነ ሰው ካለ ዛሬውኑ ጻፉ።

በውጭ አገር በአፍንጫ ውስጥ ያለ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለካሉ፣ ፒሲዲ ያለበት ሰው ላይ በጣም ዝቅተኛ ነው፣ ጂንም ይመረምራሉ፣ ከ50 በላይ ጂኖች ታውቀዋል። እኔ ያን አላደረኩም፣ ሦስቱ ምልክት ስላለኝ ዶክተሩ በቂ ነው አሉ። ብዙውን ጊዜ ከአባትም ከእናትም አንድ አንድ የተበላሸ ጂን ሲገናኝ ነው የሚመጣው፣ እነሱ ራሳቸው ጤነኛ ናቸው፣ እያንዳንዱ ልጅ የመያዝ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አባቴ ይሄን ስነግረው «እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባን» ብሎ ተቆጣ። ልክ ነው፣ ቆጥረዋል፣ ሰባት ቤት መቁጠሩም ዕድሉን ይቀንሰዋል፣ ግን ባዳና ባዳም ሳያውቁት ያንኑ ጂን ተሸክመው ሊገናኙ ይችላሉ። ጥፋት አደለም። እናቴ ግን አሁንም ጥፋቱ የሷ ይመስላታል፣ ይሄን ማስረዳት ሳንባ ከማጽዳት ይከብዳል።

ልጅ ስለመውለድ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኛል። ተስፋ አለው። ኢክሲ የሚባል ዘዴ አለ፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጅ ተወልዶበታል፣ አንድ በሕይወት ያለ የወንድ ዘር መርጠው በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ያስገቡታል፣ ስለዚህ መዋኘት አይጠበቅበትም። ለዛ ነው የላብራቶሪው ልጅ ያሳየኝ ነጭ ነጩ ትልቅ ዜና የነበረው። ልጁ ከኔ አንድ ጂን ይወስዳል፣ የሚታመመው ግን ባለቤቴም ተሸካሚ ከሆነች ብቻ ነው። ዋጋው ለሹፌር ቀላል አደለም፣ ዕቁብ ገብተናል፣ የሚደርሰን መጋቢት ላይ ነው።

እና ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩት። አንድ የ19 አመት ወንድም አለኝ፣ መሃል ሜዳ የሚማር። እሱም ከልጅነቱ ንፍጡ አይደርቅም፣ ያስለዋል፣ ክፍል ውስጥ የፊት ወንበር ካልሆነ አይሰማም። የኔ ሲታወቅ መጀመሪያ ያደረኩት ደረቱ ላይ ጆሮዬን ማድረግ ነበር፣ ልቡ በግራ ነው፣ «ተመስገን አንተ ነፃ ነህ» አልኩትና ተውኩት። ሦስት አመት ሙሉ። ባለፈው ለቀጠሮዬ ስሄድ ለዶክተሩ እንደ ቀልድ ባነሳው «ግማሹ ልቡ በቦታው ነው ብዬህ አልነበር?» ብለው ተቆጡኝ። ነግረውኛል፣ እኔም እዚሁ ላይ ጽፌላችኋለሁ፣ ግን ወንድሜ ላይ ሲሆን ጠፋኝ።

ማክሰኞ ሲቲ ስካን አለው። ሰኞ ከመሃል ሜዳ በመጀመሪያው መኪና ይወርዳል፣ መናኸሪያ ጠብቄው እኔው ራሴ ነኝ ይዤው የምሄደው፣ ጋቢና አስቀምጬው። ትላንት ማታ ሲደውል ስፖኪዮውን እንዴት ነው የምተነፍስበት ብሎ ጠየቀኝና በስልክ አሳየሁት፣ እዛ ማዶ «ሃህህ» ሲል እናቴ ከጓዳ «ምን ሆንክ?» ስትል ይሰማኛል።